አጥሩ ይኸው፣ ባለቤቱ ማነው?

(ባለፈው ሳምንት ቦሳ አዲስ ለተሰበሰብን ልጆች የተናገርኩት ነው። «ጻፈውና ገጹ ላይ ይውጣ» ስላላችሁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ሥራ ፈላጊ የሆናችሁ።)



ወደዚህ ስትመጡ መንገድ ላይ ስንት የድርጅት ታፔላ አያችሁ? ቡና አቅራቢ፣ ቡና ላኪ፣ አስመጪና ላኪ፣ ትሬዲንግ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። እስቲ ከነዚህ የአንዱን ድርጅት ባለቤት በእርግጠኝነት የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

(ሰባት ስምንት እጅ ወጣ።)

እሺ፣ አንተ እንዴት አወቅክ? «ሰው ነገረኝ»። አንቺስ? «ኧረ ይሄማ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው»። አያችሁ? ወረቀት አይቶ ያወቀ የለም። ከተማችን ውስጥ የድርጅት ባለቤት የሚታወቀው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በታፔላው፣ ወይ በወሬ። ታፔላው ላይ ያለው ስም የእውነተኛው ባለቤት ላይሆን ይችላል። ወሬው ደግሞ ወሬ ነው።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የዛሬው ችግራችን ሌላ ነው። አጥሩን እናየዋለን፣ በሩን እናየዋለን፣ ዘበኛውን ሰላም እንላለን፣ ባለቤቱን ግን አናውቀውም።

ዓለም ላይ ይሄ ጉዳይ ስም አለው። «እውነተኛ ተጠቃሚ ባለቤት» ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። ድርጅት የወረቀት ፍጡር ነው። «ሀ» የሚባል ድርጅት የ«ለ» ሊሆን ይችላል፣ «ለ» ደግሞ ባሕር ማዶ የተመዘገበ የ«መ» ንብረት ሊሆን ይችላል። ግን ሰንሰለቱን ይዛችሁ እስከ ጫፉ ብትሄዱ መጨረሻው ላይ የምታገኙት ሰው ነው። ሥጋና ደም ያለው፣ እንደኔና እንደናንተ ጠዋት ቡና የሚጠጣ ሰው። እሱን ለማግኘት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ትርፉ መጨረሻ ላይ የማን ኪስ ይገባል? ድርጅቱ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ይሄን ነገር መከታተል የጀመርኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ልንገራችሁ።

አምና ነው። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አካውንቲንግ ነው የተማርኩት። ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቦታ የለም። እናቴ ምንም አትለኝም፣ ግን ጠዋት ቁርስ ስታቀርብልኝ ዓይኗን አየዋለሁ። ከቤታችሁ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህ መሀል የምናውቀው ሰው አንድ ነጋዴ አገናኘኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ «የተማረ ልጅ እንዲህ ሲቀመጥ ያሳዝናል» አለኝ። ከዛ ነገሩን አመጣው። በአጋሮና በሊሙ በኩል ቡና የሚሰበስብ ድርጅት ሊያቋቁም ነው። «አንተ ምንም አትሠራም፣ ስምህን ብቻ። ሥራ አስኪያጅ ትባላለህ። በየወሩ ደመወዝ አለህ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ነው ያለኝ። «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ቃል ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው።

ያዳነኝ የተማርኩት ትምህርት ነው፤ ወረቀቶቹን ለማየት ጠየቅኩ። አራት ናቸው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ነገ ለናንተ ሲመጣ ታውቁታላችሁ።

አንደኛው መመሥረቻ ጽሑፉ ነው፤ በስሜ። ሁለተኛው ውክልና ነው። ባንክ ሄዶ መፈረም፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ መዋዋል፣ ሁሉንም እሱ በእኔ ስም እንዲያደርግ። ሦስተኛው የብድር ውል ነው። የድርጅቱን ካፒታል እኔ ከእሱ የተበደርኩ አስመስሎ የተጻፈ። አንድ ቀን «ድርጅቱ የኔ ነው» ብዬ ብነሳ «ብሬን ክፈል» ይለኛል ማለት ነው። አራተኛው እኔ ፈርሜ ቀኑንና ብሩን ባዶ የምተወው ቼክ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በአገራችን ወንጀል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አራቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንብቧቸው። ትርፉ የእሱ፣ ሥልጣኑ የእሱ፣ ዕዳው የእኔ፣ እስሩም የእኔ። አልፈረምኩም። ሰውየው አልተቆጣም፤ «እሺ፣ ሌላ ልጅ አላጣም» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ያቺ «ሌላ ልጅ» ያላት ነገር ናት።

ምክንያቱም አንድ ጓደኛዬ፣ ከሌላ ሰው በመጣ ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ፈርሟል። ለተወሰኑ ወራት ተከፈለው። ለእህቱ ስልክ ገዛላት። ከዛ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ድርጅቱ የብዙ ግብይት ደረሰኝ ቆርጧል፣ ታክስ አልከፈለም። ወደ ሰውየው ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። መዝገብ ላይ ያለው የጓደኛዬ ስም፣ የጓደኛዬ ፎቶ፣ የጓደኛዬ ፊርማ ነው። «እኔ እኮ ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል። ማን ይሰማዋል?

ሕጉ ምን ይላል? የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ድርጅት ታክስ ሳይከፍል ሲቀር ሥራ አስኪያጁን ከድርጅቱ ጋር ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው መጠቀሚያ አድርጎ መስጠትን ይከለክላል። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ደግሞ ባንኮች ከደንበኛው ጀርባ ያለውን እውነተኛ ባለቤት እንዲለዩ ያዛል። ሕግ የለም አትበሉ። ሕጉ አለ። የጎደለው እስከ ጫፍ ሄዶ ሰውየውን የሚያገኝና ካገኘው በኋላ የሚከታተል አሠራር ነው።

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ።

ለረጅም ጊዜ ጥሬ ቡናን ከገበያ ገዝቶ ወደ ውጭ መላክ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ይሄን በግልጽ ያስቀምጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጥቅሙ ለዜጋ ይድረስ ነው። ግን በሩን ዘግተህ ከበሩ ጀርባ ያለውን ሰው ካላየህ ምን ይፈጠራል? ገንዘቡ ያለው ፈቃድ የለውም፣ ፈቃድ ማውጣት የሚችለው ገንዘብ የለውም። ሁለቱ ከተገናኙ የአገር ልጅ ስም ለኪራይ ይወጣል ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ንግዱ የእኛ ነው፣ ትርፉ ግን የት እንደሚሄድ መዝገቡ አይነግርህም። በ2016 የኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001 ጥሬ ቡናን ጨምሮ ተዘግተው የነበሩ የንግድ ዘርፎችን በተወሰኑ መስፈርቶች ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። መከፈቱን የሚደግፍም የሚቃወምም እዚህ መሀል አለ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለሁለታችሁም የምለው አንድ ነው። ዘጋህም ከፈትክም፣ ማን እንደገባ ካላወቅክ በሩ በር አይደለም።

ደግሞ ይቺን ተመልከቱ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ሕግ አወጣ። ደን ተጨፍጭፎ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ የሚል። ተፈጻሚነቱ ቢራዘምም የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ ይታወቅ ይላል። ስለዚህ ጎማና ማና ያለው አርሶ አደር ማሳው በሳተላይት ይለካል። የቡናው እግር የት እንደቆመች ይታወቃል። ቡናውን የገዛው ድርጅት እውነተኛ ባለቤት ግን አይታወቅም። ዛፏን አግኝተን ሰውየውን አጣነው!

ይሄ ለአርሶ አደሩ ወሬ አይደለም። አንድ አባት ጀንፈሉን በዱቤ ሰጠ እንበል። ዋጋ ወረደ፣ ገዢው ድርጅት ከሰርኩ አለ፣ ተዘጋ። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ስለሆነ ከድርጅቱ ንብረት በላይ አይጠየቅም። ንብረቱ ሲታይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሚዛን። ባለቤት የተባለው ሲፈለግ እንደኔ ያለ ሥራ አጥ። ገንዘቡን የያዘው ሰው በሚቀጥለው የለቀማ ወቅት በሌላ ስም፣ በሌላ ልጅ መታወቂያ ሚዛኑን ተክሎ ይገዛል። አባት የሚከሰውን ሰው ስም እንኳ አያውቅም።

«መንግሥት ባለቤቱን ማወቅ አይችልም» የሚል ካለ አይሞኝ። ሲፈልግ ያውቃል። ባንኮችን ተመልከቱ። በ2000 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከለከለ። ሲቆጥርም ብቻውን አልቆጠረውም፤ የትዳር ጓደኛውንና ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆቹን አብሮ ደመረ። ለምን? ሕግ አውጪው ሰው በሚስቱ ስም እንደሚገዛ ያውቃላ! ግን ያደገ ልጅ፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ ከሒሳቡ ውጭ ቀሩ። በአገራችን ዘመድ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2009 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ ያላቸውን አክሲዮን እንዲመልሱ አዘዘ። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ አዘኑ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1159 ወጥቶ መልሶ ፈቀደላቸው። ትእዛዙ ልክ ነበር አልልም። ግን ከአክሲዮን መዝገቡ ጀርባ ያለውን ሰው ፓስፖርት ለማየት ፈቃዱ ሲኖር ታይቷል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ እዚህ ላይ ስሜታዊ እንዳትሆኑ አደራ። በየክልሉ የነበሩ ኢንዶውመንቶችን ታስታውሳላችሁ። በትግራይ ኤፈርት፣ በአማራ ጥረት፣ በኦሮሚያ ቱምሳ፣ በደቡብ ወንዶ። ባለቤቱ ማነው ሲባል መልሱ «ሕዝቡ» ነበር። በጣም ጥሩ። ታዲያ ከናንተ መሀል የባለቤትነት ሪፖርት የደረሰው አለ? የማን ቃል የመጨረሻ እንደነበር የተነገረው አለ? ከጥረት ሀብት አስተዳደር ጋር በተያያዘ የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ ላይ የእስራት ፍርድ ሰጥቷል። እኔ ስለ ፍርዱ አልከራከርም። የምለው፣ ባለቤቱ «ሁሉም» የሆነ ድርጅት ላይ ማን እንደሚያዝ በግልጽ ካልተጻፈ፣ «ሁሉም» ማለት «ማንም» ይሆናል።

ዓለምስ? በ2008 መጋቢት የፓናማ ሰነዶች ሲወጡ ከአንድ የሕግ ቢሮ ብቻ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ነው የተገኘው። ከ214,000 በላይ የወረቀት ድርጅቶችና ተቋማት። ከዛ ወዲህ ብዙ አገር ነቃ። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ ጀመረች፤ ከ25 በመቶ በላይ ያለው ሰው ይመዘገባል። ናይጄሪያ በ2015 ግንቦት ክፍት መዝገብ አወጣች፤ እሷ ጋ ከ5 በመቶ ጀምሮ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ 10 በመቶ አለች። ቁጥሩ ለምን ይለያያል? 25 ካልክ አምስት ወንድማማቾች 20፣ 20 ተካፍለው በሕጋዊ መንገድ ያመልጡሃላ።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። የገንዘብ ማጠብን የሚከታተለው ዓለም አቀፉ ፋትፍ በ2009 ኢትዮጵያን ከሚከታተላቸው አገሮች ዝርዝር አስገብቷት በ2012 ጥቅምት ነው ያወጣት። በ2014 ደግሞ ፋትፍ መስፈርቱን አጥብቆ አገሮች የእውነተኛ ባለቤት መዝገብ ወይም ያንን የሚተካ አሠራር እንዲኖራቸው ጠየቀ። በማዕድኑ በኩል ኢትዮጵያ በ2006 የተቀላቀለችው የግልጽነት ኢኒሼቲቭ የማዕድን ኩባንያዎች ባለቤት እንዲገለጽ ይጠይቃል። ወርቅ ቆፋሪው ከተጠየቀ ቡና ላኪው የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

መዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ተምረውታል። የሞላውን ሰው ማንነት የሚያጣራ ስላልነበረ መዝገባቸው በቀልድ ስምና በሐሰት አድራሻ ተሞልቶ ነበር። ድርጅት የተመዘገበ ዕለት ያለው ባለቤትና የዛሬ ዓመት ያለው ባለቤት አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለውጥ ሲኖር በተወሰነ ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ካልተመዘገበ ቅጣት ይኑር። የባንኩ፣ የግብሩና የጉምሩኩ መረጃ ይመሳከር። ፋይዳ እኮ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆኗል፤ አንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው። አንድ ሥራ አጥ ልጅ በአንድ ዓመት የአራት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከታየ መዝገቡ ራሱ መጮህ አለበት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ወደ እኛ።

ባለቤቱ በመዝገብ ካልታወቀ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ወሬ ይሞላዋል። «ይሄ ሕንፃ የእገሌ ነው»፣ «ይሄ መጋዘን የነእገሌ ብሔር ነው»። እኛ ራሳችን ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ኮሜንት አይተናል? ስንቶቻችን ላይክ አድርገናል? እኔም አድርጌያለሁ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሻሸመኔ ላይ የሆነውን አትርሱ። የሰው ሱቅ፣ የሰው ሆቴል፣ የሰው ቤት ነደደ፤ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል ሳይቀር። እዛ ይሠሩ የነበሩ የኛ እኩዮች በማግስቱ ሥራ ፈት ሆኑ። ክብሪት የያዘ ሰው መዝገብ አያገላብጥም።

«ታዲያ ስም ይፋ ቢወጣ አይብስም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2015 ኅዳር የሰው የግል ሕይወት ይጠበቅ ብሎ ለሁሉም ክፍት የነበረውን መዝገብ ገድቧል። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ስሙና ድርሻው ይታይ፣ የቤት አድራሻው አይታይ። ብሔርና ሃይማኖት ደግሞ መጀመሪያውኑ መዝገብ ላይ ቦታ የላቸውም። አንድ ሰው በስሙ፣ በፊርማው፣ በድርሻው ልክ ይጠየቅ። ያኔ «የነእገሌ ነው» ብሎ ጎረቤትን በጅምላ የሚያስፈርድ ወሬ አቅም ያጣል። እውነቱ ያለበት ቦታ ከታወቀ፣ ንጹሑ ሰው «ይኸው መዝገቡ» ማለት ይችላል።

ደግሞም ሁሉም የተዋሰ ስም ሌባ አይደለም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልግ ስለነበር ስንቱ ሰው ሚስቱን ወይ እህቱን ለቁጥር ማሟያ አስገብቷል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲመሠርት ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬ «ለቁጥር ነው፣ ስምሽን አውሺኝ» የሚልሽ ሰው ካለ ምክንያቱ አልፎበታል። ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ሦስት ነገር ያዙልኝ።

አንድ። መታወቂያችሁንና ፊርማችሁን አታከራዩ። ችግሩን አውቀዋለሁ፣ እኔም ቤት ያለው ነው። ግን የአንድ ወር ደመወዝ የሚመስለው ነገር የአሥር ዓመት ዕዳ ሊሆን ይችላል። የፈረማችሁም ካላችሁ ዝም አትበሉ። ውክልና የሰጠ ሰው መሻር ይችላል፤ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ።

ሁለት። ከድርጅት ጋር ከመሥራታችሁ በፊት፣ አባቶቻችሁም ቡና በዱቤ ከመስጠታቸው በፊት፣ ቲን ቁጥሩን ጠይቁ። በንግድ ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ፈቃዱ መኖሩን ማየት ይቻላል። እውነተኛውን ባለቤት ባያሳያችሁም ድርጅቱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይነግራችኋል። ስልክ ያላችሁ ለሌላቸው አዩላቸው።

ሦስት። «የእገሌ ነው አሉ» የሚል ነገር ገጻችን ላይ ስታዩ አንድ ቃል ጻፉ፤ «ማስረጃ?» ብቻ።

ያ ነጋዴ «ሌላ ልጅ አላጣም» ብሎኝ ነበር። ያ ሌላ ልጅ ምናልባት ዛሬ ይሄን ያነባል። ወንድሜ፣ እናትህ ያወጣችልህ ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ለማኪያቶ አትስጠው።

ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንጠጣ።